የ60 ኪሎ ጆንያ ለምን 6 ኪሎ ሆነ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምሠራው እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ባለ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ሚዛኑ በሲሪያል ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። ከሚዛኑ የሚመጣውን ቁጥር እያነበበ ፋይል ላይ የሚመዘግብ ፕሮግራም በሲ ጽፌያለሁ። ኮምፒውተሩ ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። ይህ አንባቢ ከቆመ መልሶ የሚያስነሳው ሌላ ትንሽ ጠባቂ ፕሮግራም አለኝ፤ ጠባቂውን ክሮን (ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስነሳው) በየደቂቃው ይጠራዋል። ችግሩ፣ ጠባቂው አንባቢው መኖር አለመኖሩን በትክክል ማወቅ አልቻለም። መጀመሪያ በሲስተም ፋንክሽን ፒኤስንና (የሚሠሩትን የሚዘረዝረውን) ግሬፕን (ከዝርዝሩ ስም የሚለቅመውን) እየጠራሁ ስሙን እፈልግ ነበር፤ ሁልጊዜ «አለ» ይለኛል። ከዚያ አንባቢው ሲነሳ የፕሮሰስ ቁጥሩን (ለሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ የሚሰጠውን መለያ) ፋይል ላይ እንዲጽፍ አደረግኩ። ጠባቂው የተጻፈውን በኤቱአይ ወደ ቁጥር ይቀይርና ፕሮሰሱ መኖሩን በኪል ይጠይቃል። ይሄም መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ አንባቢው ሳይኖር «አለ» ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት አንባቢ አብረው ሲሠሩ አገኛለሁ፤ በተለይ ሚዛን ያዡ በእጁ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ያስነሳው ቀን። ያን ቀን የ60 ኪሎ ጆንያ 6 ኪሎ ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ፕሮግራም እየሠራ መሆኑን ከሲ ኮድ ውስጥ ሆኖ የማረጋገጫው ትክክለኛ መንገድ የትኛው ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከ6 ኪሎው ልጀምር፤ ኮዱ ይደርሳል። ከማና ወረዳም ይምጣ ከጎማ ወረዳ፣ ቡናውን ጭኖ የመጣው ሰው የሚከፈለው በዚያች ቁጥር ነው። ስለዚህ ሁለት አንባቢ ያገኘህባቸውን ቀናት መዝገብ ዛሬውኑ አውጣና ከወረቀት ደረሰኙ ጋር አስተያየው። የጎደለበት ሰው ካለ ለኃላፊህ ንገር፤ ልዩነቱ ይከፈለው። የሚቀጥለው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ሚዛኑ 60 ሲልክ አንድ ሙሉ ቁጥር አይልክም። መጀመሪያ 6 የሚለውን ፊደል፣ ቀጥሎ 0 የሚለውን፣ ከዚያ የመስመር መጨረሻ ምልክቱን ይልካል። አንድን ሲሪያል ፖርት ሁለት ፕሮሰሶች ከፍተው ሲያነቡ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ለሁለቱም ኮፒ አያድልም። ቀድሞ ያነበበው ይወስዳል፤ የተወሰደው ለሌላው አይመለስም። 6 ለአንዱ ደረሰች፣ 0 ለሌላው። ፖርቱ በመስመር ሞድ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ሙሉ መስመር ነበር የሚጠፋብህ። ያንተ ከመሃሉ ስለሚቆረጥ ፖርቱን በሮው ሞድ፣ ፊደሉ እንደመጣ በሚነበብበት፣ ነው የከፈትከው ማለት ነው። ሮው ሞድ በራሱ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ ሁለት አንባቢ መኖሩ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የፋንክሽኖቹን ስም በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፍልህ፤ ማኑዋሉን ስትከፍት ወዲያው ታውቃቸዋለህ።

የግሬፑ ነገር ብዙ አያስኬድም። ግሬፕ ስትጠራ የምትፈልገው ስም በራሱ በግሬፕ ትእዛዝ መስመር ላይ ተጽፏል። ፒኤስ ያንን መስመር አብሮ ያወጣል። ስለዚህ ግሬፕ የሚያገኘው ራሱን ነው፤ «አለ» የሚልህም ለዚህ ነው። ፒግሬፕ የሚባለው ራሱን አይቆጥርም፤ ግን ሙሉውን የትእዛዝ መስመር ከሚፈልገው የኤፍ አማራጩ ጋር በሲስተም ፋንክሽን ብትጠራው በመካከል የሚነሳው ሼል (ትእዛዝ አስፈጻሚው) ስሙን ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ ከርነሉ የፕሮሰስ ስም የሚይዘው እስከ 15 ፊደል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ይቆረጣል። በስም መፈለግ ተርሚናል ላይ ተቀምጠህ በዓይንህ ለማየት ይበቃል። ገንዘብ የሚያስከፍል ውሳኔ ግን አይሰጥበትም።

ኪልን በደንብ እንየው፤ ችግርህ በአብዛኛው ያለው እዚህ ነው። ኪል የሚያስፈራ ስም ይያዝ እንጂ፣ ሥራው ለፕሮሰስ ሲግናል (መልእክት) መላክ ነው፤ የሲግናል ቁጥሩን 0 ካደረግከው ምንም አይልክም። «ይህ ቁጥር ያለው ፕሮሰስ አለ ወይ? ሲግናል ልልክለትስ ይፈቀድልኛል ወይ?» ብቻ ነው የሚጠይቀው። 0 ከመለሰ አለ። አሉታዊ 1 ከመለሰ ግን ገና አልጨረስክም፤ የስህተቱን ምክንያት የሚይዘውን ኤርኖን ማየት አለብህ። ኢኤስአርሲኤች ከሆነ እንዲህ ያለ ፕሮሰስ የለም። ኢፐርም ከሆነ ግን ፕሮሰሱ አለ፤ ያንተ ስላልሆነ ብቻ ነው የተከለከልከው።

የሱዶው ቀን ሁለት አንባቢ ያገኘኸው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሚዛን ያዡ በሱዶ ሲያስነሳው አንባቢው የሩት (የአስተዳዳሪው) ንብረት ሆነ። ጠባቂህ የሚሠራው ደግሞ በተራ ተጠቃሚ ስም ነው። ኪልን ጠየቀ፣ አሉታዊ 1 መጣ፣ ኤርኖን ሳያይ «የለም» ብሎ ሁለተኛ አስነሳ። መጀመሪያውኑ ሱዶ ያስፈለገው ፖርቱን ለመክፈት ፈቃድ ስለሌለ ይመስለኛል። ኡቡንቱ ላይ መፍትሔው ተጠቃሚውን ዳያልአውት ወደሚባለው ግሩፕ ማስገባት ነው። ከዚያ ወጥቶ እንደገና ይግባ። ሱዶ ለዚህ ሥራ ዳግመኛ አያስፈልግም።

የመብራቱን ጉዳይ ደግሞ በዝርዝር ልንገርህ፤ እዚህ ከተማ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሁሉ ይሄን ማወቅ አለበት። መብራት ድንገት ሲሄድ የቁጥሩ ፋይል ላይ ከሁለት አንድ ነገር ይደርሳል።

አንደኛው፣ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ፕሮግራምህ ፋይሉን ሲከፍት የቀድሞውን ይዘት ያጠፋል፤ አዲሱ ቁጥር ዲስክ ላይ ሳይደርስ መብራት ከሄደ ባዶ ፋይል ይጠብቅሃል። ባዶ ነገር ለኤቱአይ ስትሰጠው 0 ይመልሳል። ኪል ላይ የፕሮሰስ ቁጥሩ 0 ሲሆን ደግሞ ትርጉሙ «ራሴ ያለሁበት የፕሮሰስ ግሩፕ» ነው። ጠባቂህ ስለ ራሱ ጠይቆ «አለ» ይባላል። ይህ ባዶ ፋይል እስካለ ድረስ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ኤቱአይን ተወው። በስትርቶል ቀይር፣ ምንም አሃዝ ካላነበበ ስህተት ነው በል፣ ቁጥሩ ከ1 በላይ ካልሆነም አትቀበል። አሉታዊ 1 በስህተት ቢገባና አንድ ቀን በዚያ ቁጥር ሲግናል 9፣ በግድ የሚገድለውን፣ ብትልክ፣ ፈቃድ ያለህን ፕሮሰስ ሁሉ ነው የምትገድለው።

ሁለተኛው፣ ፋይሉ ደህና ነው፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የፕሮሰስ ቁጥር ከመጀመሪያው ይቆጠራል። አገልግሎቶቹም ከሞላ ጎደል በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው የሚነሱት። ስለዚህ ትናንት አንባቢህ የያዘውን ቁጥር ዛሬ ኔትወርኩን ወይም ፕሪንተሩን የሚያስተዳድር ፕሮሰስ ሊይዘው ይችላል። ኪል «አለ» ሲልህ አልዋሸም። ስለ ማን እንደጠየቅከው አያውቅም። ቁጥሩ ማሽኑ ሳይጠፋም ይደጋገማል፤ ከርነሉ ከፍተኛው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ነፃ የሆኑትን ይሰጣል። የድሮው ጣሪያ 32768 ነበር፤ ዛሬ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ እስከ 4194304 ይደርሳል።

ይህን በቁጥር ፋይል ላይ እያጠናከሩ መሄድ ይቻላል። ፕሮክ በሚባለው የከርነሉ ማውጫ ውስጥ፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር፣ ስታት የሚለው ፋይል 22ኛው መስክ ላይ ፕሮሰሱ የተነሳበት ሰዓት አለ፤ እሱን ከቁጥሩ ጋር መዝግቦ ማስተያየት ይቻላል። ስታትን ስታነብ ከመጨረሻው የመዝጊያ ቅንፍ ጀምረህ ቁጠር፤ የፕሮግራሙ ስም ራሱ ክፍት ቦታና ቅንፍ ሊኖረው ይችላልና። እኔ ግን በዚህ መንገድ እንድትሄድ አልመክርህም። ፋይል ላይ የተጻፈ ቁጥር ጸሐፊው ከሞተም በኋላ እዚያው ይቀመጣል። አንተ የሚያስፈልግህ ከፕሮሰሱ ጋር አብሮ የሚሞት ማስረጃ ነው።

እሱ ደግሞ ሎክ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ። አንባቢህ ሲነሳ፣ ፖርቱን ከመንካቱ በፊት፣ አንድ የታወቀ ፋይል ይክፈት። ሲከፍት ከሌለ ይፍጠረው፣ ካለ ግን ይዘቱን አያጥፋ። ከዚያ በኤፍሎክ ብቸኛ ሎክ ይጠይቅ፤ ሎክ ኢኤክስ እና ሎክ ኤንቢ አንድ ላይ። ኤንቢው «ካልሆነ አታስጠብቀኝ» ማለት ነው። ሎኩን ካገኘ እሱ ብቻ ነው ያለው፤ ይቀጥል። ኢውድብሎክ የሚለው ስህተት ከመጣበት ሌላ አንባቢ እየሠራ ነው፤ አንድ መስመር ሎግ ጽፎ ይውጣ። ፋይሉን እስከ ዕድሜው መጨረሻ አይዝጋው። ፕሮግራሙ በሰላም ቢወጣ፣ ቢከሰከስ፣ በሲግናል 9 ቢገደል፣ ሎኩን የሚፈታው ከርነሉ ነው። መብራት ሲሄድም ሎኩ የነበረው ሚሞሪ ላይ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። ፋይሉ ዲስክ ላይ ቢቀር ምንም አይደለም።

ልብ በል፤ ይህ ሲሆን የጠባቂህ ጥያቄ ራሱ ይቀራል። ጠባቂው መጠየቅ አያስፈልገውም። በየደቂቃው አንባቢውን ያስነሳው፤ ሌላ ካለ አዲሱ ራሱ ዓይቶ ይወጣል። «አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆ «የለም» ሲባል በማስነሳት መካከል ሁልጊዜ ክፍተት አለ፤ በዚያች ቅጽበት ሚዛን ያዡ ሊያስነሳው ይችላል። ሎኩ ግን መጠየቁንና መያዙን በአንድ እርምጃ ይጨርሰዋል። የጥያቄህ ዋና መልስ ይሄ ነው፤ የትኛውንም ዓይነት ፍተሻ ብታሳምር ከውጭ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ይዘገያል፣ ስለዚህ ማረጋገጫውን ለራሱ ለአንባቢው ስጠው።

ሎኩ ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች አሉ። ስትወጣ ፋይሉን አትሰርዘው። አንዱ የተሰረዘውን ፋይል እንደያዘ ሌላው በዚያው ስም አዲስ ፈጥሮ ሊቆልፍ ይችላል፤ ሁለቱም «እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ። ፋይሉን ስትከፍት ኦ ክሎኤግዜክ የሚለውን ጨምር፤ አለዚያ አንባቢህ የሚያስነሳው ሌላ ፕሮግራም ሎኩን ይወርስና አንባቢው ከሞተ በኋላም ይዞት ይቆያል። የፋይሉን አድራሻ ከስር ጀምረህ ሙሉውን ጻፍ፤ በተጠቃሚው ሆም ማውጫ ላይ ተመሥርተህ ከሠራኸው በሱዶ የተነሳው ሌላ ፋይል ሊቆልፍ ይችላል። ፋይሉን መክፈት ራሱ እምቢ ካለህም ያንን «ማንም የለም» ብለህ አትተርጉመው፤ ስህተት ብለህ ውጣ።

ማን እንደያዘው ማየት ከፈለግክ ሎኩን ካገኘህ በኋላ ፋይሉን ባዶ አድርገህ የፕሮሰስ ቁጥርህን ጻፍበት። ለሰው ዓይን ነው፤ ኮድ ውሳኔ አይስጥበት። ኮድህ የያዡን ቁጥር የግድ ይፈልጋል ከተባለ ኤፍሲኤንቲኤል የሚባለው ሎክ ሳይይዝ የመጠየቂያ መንገድ አለው፤ የያዡንም ቁጥር ይነግርሃል። ግን ጠባዩ ከኤፍሎክ ይለያል። ያንን ፋይል ፕሮግራምህ ውስጥ የትም ቦታ ከፍተህ ብትዘጋው ሎኩ ይፈታል፤ በፎርክ (ፕሮሰስን በሚያባዛው ፋንክሽን) የተወለደ ልጅ ፕሮሰስም አይወርሰውም። ሁለቱን አታደባልቅ።

ለፖርቱም ተጨማሪ መከላከያ አድርግ። ፖርቱን ከከፈትክ በኋላ በአዮክትል ቲአይኦሲ ኤክስክል («ለእኔ ብቻ» የሚለውን ትእዛዝ) ስጠው፤ ከዚያ ሌላ ሰው ሊከፍተው ሲል ኢቢዚ («ተይዟል») ይባላል። ሩትን ግን አያግደውም። ሱዶውን አስቀር ያልኩህ አንዱ ለዚህም ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። አንባቢው አለ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። አንድ ሰው ገመዱን በእግሩ መትቶ ቢነቅለው አንባቢው ሪድ ላይ ቁጥር ሲጠብቅ እንደተቀመጠ ሊቀር ይችላል። ኪልም አለ ይላል፣ ሎኩም ተይዟል፣ የተመዘገበ ኪሎ ግን የለም። በቡና ወቅት፣ ጀንፈል የጫነው አይሱዙ በር ላይ ተሰልፎ፣ ይሄን ከግማሽ ቀን በኋላ ማወቅ ከባድ ነው። ሚዛንህ ያለማቋረጥ ቁጥር የሚልክ ከሆነ ከሪድ በፊት በፖል ጠብቅ፤ 10 ሰከንድ ምንም ካልመጣ ስክሪኑ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ከውጭ መከታተልም ከፈለግክ አንባቢው ቁጥር በደረሰው ጊዜ ሁሉ ሰዓቱን ራን በሚባለው ማውጫ ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ይጻፍ። ሰዓቱን ከክሎክ ሞኖቶኒክ ውሰድ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀ ኮምፒውተር መብራት ሲመጣ ቀኑን ይስታል፤ ሞኖቶኒክ ግን ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ወደፊት ብቻ ነው የሚቆጥረው። ራን ደግሞ ሚሞሪ ላይ ስለሆነ ማሽኑ ሲጠፋ ይጸዳል፤ የትናንት ሰዓት አያሳስትህም።

በመጨረሻም፣ ክሮኑን ተውና አንባቢውን ለሲስተምዲ፣ የኡቡንቱን አገልግሎቶች ለሚያስነሳው፣ ስጠው። አንባቢውን የሚያስነሳው እሱ ራሱ ስለሆነ መሞቱን ወዲያው ያውቃል፤ መገመት የለበትም። ሪስታርት የሚለውን ኦልዌይስ አድርገው። ሪስታርትሴክ የሚለውን ደግሞ 5 ሰከንድ አድርገው፤ ይሄን አትርሳ። ካልነካኸው ሲስተምዲ በጣም ቶሎ ቶሎ ይሞክርና በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ አስነስቶ ካልሆነለት ይተወዋል። መብራት እንደመጣ የዩኤስቢ ሲሪያል ገመዱ ሳይታወቅ አንባቢው ከተነሳ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስነሳው አታገኝም። ሲስተምዲ ብትጠቀምም ሎኩን አንባቢው ውስጥ ተወው። ሚዛን ያዡ በእጁ ማስነሳቱን አያቆምምና።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በፎርክ ልጅ ፕሮሰስ እፈጥርና እየሠራ መሆኑን በኪልና በ0 እጠይቃለሁ። ልጁ ሥራውን ጨርሶ እንደወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ኪል ግን አሁንም 0 ይመልሳል። ለምን?

መልስ፦ ልጁ ወጥቷል፤ ዞምቢ ሆኖ ግን ዝርዝሩ ላይ አለ። ወላጁ ውጤቱን እስኪቀበል ድረስ ከርነሉ ቁጥሩን አይለቅም፤ ኪልም ዞምቢን እንዳለ ነው የሚቆጥረው። ለራስህ ልጅ ኪልን አትጠቀም። ዌይትፒአይዲን በደብሊውኖሃንግ («አታስጠብቀኝ» በሚለው አማራጭ) ጥራው። 0 ከመለሰ ልጁ ገና እየሠራ ነው። የልጁን ቁጥር ከመለሰ ጨርሷል፤ ዞምቢውም በዚያው ይነሳል፣ የወጣበትንም ኮድ ታገኛለህ። አንዴ ከተቀበልከው በኋላ ያንን ቁጥር አስቀምጠህ እንደገና አትጠይቅበት፤ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ሊኑክስህ 5.3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፒአይዲኤፍዲ ኦፕን የሚባለውንም ተመልከት። ፕሮሰሱን የሚወክል ፋይል ዲስክሪፕተር ይሰጥሃል፤ ቁጥሩ ለሌላ ቢሰጥም ዲስክሪፕተሩ ወደ ሌላ አይዞርም፣ ፕሮሰሱ ሲያልቅም ፖል ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ እኔ የምጽፈው በሲ ሆኖ ዊንዶውስ ላይ ነው። የፋርማሲ ዕቃ መመዝገቢያ ነው። ሠራተኞቹ አይከኑን ደጋግመው ይጫኑትና ሁለት ሦስት ይከፈታል። እንዴት ልከልክል?

መልስ፦ ሐሳቡ ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ መሣሪያው ብቻ ይለያል። ፕሮግራምህ እንደተነሳ በክሪኤት ሚዩቴክስ ስም ያለው ሚዩቴክስ (የዊንዶውስ ሎክ) ይፍጠር፤ ስሙን ሌላ ፕሮግራም የማይጠቀምበት አድርገው። ወዲያው ጌት ላስት ኤረርን ጥራ። ኤረር ኦልሬዲ ኤግዚስትስ ካለህ ሌላ ተከፍቷል፤ የተከፈተውን መስኮት ወደ ፊት አምጣና ውጣ። ፕሮግራሙ ቢከሰከስም ዊንዶውስ ሃንድሉን (ሚዩቴክሱን የያዘበትን መያዣ) ይዘጋዋል፣ የመጨረሻው ሃንድል ሲዘጋ ሚዩቴክሱም ይጠፋል። አንተው ያስነሳኸውን ፕሮግራም ለመከታተል ከሆነ ዌይት ፎር ሲንግል ኦብጀክትን በ0 ጊዜ ጥራው፤ ዌይት ታይምአውት ከመለሰ እየሠራ ነው። ጌት ኤግዚት ኮድ ፕሮሰስ 259 ሲመልስ ግን «እየሠራ ነው» ብለህ አትመን። አንድ ፕሮግራም በ259 ሊወጣም ይችላል፤ የዚያን ጊዜ የቆመውን ፕሮግራም እየሠራ ነው ብለህ ትጠብቀዋለህ።